መኪናው 80 ላይ ሲንቀጠቀጥ፦ ክሮቸራ ከመግዛታችሁ በፊት

ከጎንደር፣ ከአዘዞ ወጥታችሁ ወደ ጠዳ ስትሄዱ መንገዱ ዘርጋ ይልላችኋል አይደል፣ እግራችሁም ሳይታወቃችሁ ነዳጁን ይጫናል። 60 ደህና፣ 70 ደህና፣ 75 ላይ ከወንበሩ ስር የሆነ ነገር ዥዥዥ ማለት ይጀምራል፣ 80 ላይ ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠው ሳንቲም እስክስታ ይወርዳል፣ 95 ስትደርሱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም። የድሮ ሂሉክስ፣ የድሮ ሃይሩፍ፣ ላዳ ወይ ዲኤክስ ኖሮት ይሄን የማያውቅ ሰው ካለ መኪናውን ገና አልነዳትም ማለት ነው።

እኔ ሲንግል ጋቢና ሂሉክስ አለችኝ፣ የአባቴ ነበረች፣ ኋላዋ የሚነዳ፣ ባሌስትራ (የተደራረበ ብረት ሞላ) ላይ የተቀመጠች። ሰባት ወር አንቀጠቀጠችኝ። በሰባት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ክሮቸራ (ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገውን የመስቀል መጋጠሚያ) ገዛሁ፣ አራቱንም ጎማ ባላንስ አስደረግኩ፣ የካምቢዮ ሱፖርቶ (የማርሽ ሳጥኑ የሚያርፍበትን ጎማ) ቀየርኩ፣ ችግሩ ግን ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ምን እንደነበረ ወደታች እነግራችኋለሁ፣ አሁን የምነግራችሁ በኔ ብር እናንተ እንድትማሩ ነው።

ዋናው ስህተቴ ምን መሰላችሁ፣ ምን እንደሚንቀጠቀጥ ሳላውቅ እቃ መግዛቴ። ጋራዥ ትሄዳለህ፣ "ይንቀጠቀጣል" ትላለህ፣ "ክሮቸራ ነው" ይሉሃል፣ ምክንያቱም በብዛት ክሮቸራ ስለሚሆን። ግን ንዝረት ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል፣ ዝም ብሎ የሚሰማው ነው የጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኋላው በሚነዳ መኪና ላይ ሶስት ነገሮች በየራሳቸው ፍጥነት ይዞራሉ። ሞተሩ አንድ፣ ከካምቢዮ ተነስቶ ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ማርሽ ቤት) ድረስ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ሁለት (ጋራዥ ትራንስሚሽን የሚሉት፣ እኔ እዚህ ዘንግ እያልኩ እቀጥላለሁ)፣ ጎማው ሶስት። ጎማው ከሁሉም ቀርፈፍ ያለ ነው ምክንያቱም ዲፍረንሻል ውስጥ ያሉት ኮሮናና ፒኞን (ትልቁና ትንሹ ጥርስ) የዘንጉን ዙር በ4 ገደማ ስለሚያካፍሉት፣ እንደ መኪናው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

አሁን ሂሳብ። ጎማዬ ላይ በቾክ መስመር አሰመርኩና ግቢ ውስጥ አንድ ዙር ገፍቼ ለካሁት፣ 2 ሜትር አካባቢ ሄደ። በ80 ስትነዱ በሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ስለዚህ ጎማው በሰከንድ 11 ጊዜ ይዞራል፣ ዘንጉ ደግሞ 44 ጊዜ። 44 በሰከንድ ማለት በደቂቃ 2,640 ዙር ነው፣ 4ኛ ማርሽ ላይ ካምቢዮው ሳያበዛ ሳያሳንስ ስለሚያስተላልፍ ሞተሩም እዛው 2,640 ላይ ነው። ይሄን ቁጥር ያዙት።

በሰከንድ 11 ጊዜ የሚመታ ነገር ሰውነትን ያወዛውዛል፣ ኋላ መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ጉንጩ ሲርገበገብ ይታያል፣ መሪው በእጃችሁ ውስጥ ግራ ቀኝ ይላል። ያ የጎማ፣ የቸርኬ (የጎማው ብረት)፣ የታምቡር (የፍሬን ከበሮ) ወይ የአክስል ጠባይ ነው። 44 ጊዜ የሚመታው ግን በአይን አይታይም፣ እግራችሁ ስር ወለሉ እንደ ወፍጮ ቤት ወለል ይነዝራል፣ መቀመጫችሁ ይደነዝዛል። ያ ዘንግ ነው። ሶስተኛው ደግሞ አለ፣ ክሮቸራው ከደረቀ ወይ አንግሉ (የሚታጠፍበት ልክ) ከተበላሸ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚመታ 88 ይሆናል፣ እሱ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ጆሮ የሚጫን ጉምጉምታ ነው፣ መስኮት ሲዘጋ ይብሳል።

ሙከራውን ኮብልስቶን ላይ አታድርጉት፣ ፒያሳ ላይ ሁሉም መኪና ይንቀጠቀጣል። የተስተካከለ አስፋልት ፈልጉ፣ ቁልቁለት ያልሆነ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ ምክንያቱም መንገድ እያያችሁ ቁጥር መጻፍ አይቻልም። እኔ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ፣ ደብተር ይዞ "አሁን ጀመረ፣ አሁን ተወ" እያለ ፍጥነቱን ጻፈልኝ፣ ያ ደብተር ከጋራዦቹ ሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ።

መጀመሪያ ቆማችሁ ፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ላይ ሞተሩን ቀስ እያላችሁ እስከዛች 2,640 አካባቢ አድርሱት። ዙር መቁጠሪያ ከሌላችሁ በጆሮ ይበቃል፣ በ80 ስትሄዱ የምትሰሙትን ድምፅ እስክትሰሙ። ቆማችሁ ከተንቀጠቀጠ ዘንጉም ጎማውም ንጹህ ናቸው፣ አልዞሩማ። የሞተር ሱፖርቶ፣ የተሰበረ ፋን፣ አንድ የማይሰራ ሲሊንደር፣ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ወይ ደግሞ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቦዲ ነክቶ ነው። የማርሚታውን ነገር አትናቁት፣ የኛ መኪኖች ጭስ ማውጫ አስሬ የተበየደ ነው፣ አንድ ጎሚኒ (ማንጠልጠያ ጎማ) ሲበጠስ ቱቦው ወለሉ ላይ ያርፍና የሞተሩን ንዝረት በሙሉ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሰው ዲፍረንሻል ያስፈታል።

ቀጥሎ እየሄዳችሁ። የሚንቀጠቀጥበትን ፍጥነት ያዙና ማርሽ ቀይሩ። በኔ 75 ላይ 4ኛም ሆነ 5ኛ ያው ነው፣ ንዝረቱ 75ን አለቅም አለ። ይሄ ማለት ሞተሩ ነጻ ነው፣ ምክንያቱም 5ኛ ስገባ የሞተሩ ዙር ወርዷል፣ የዘንጉና የጎማው ግን አልተለወጠም። ማርሽ ስትቀይሩ ንዝረቱ ወደ ሌላ ፍጥነት ከተዛወረ ግን ከሞተር እስከ ፍሪሲዮን ያለውን ፈትሹ፣ ወደ ኋላ አትሂዱ።

ከዛ እዛው ፍጥነት ላይ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ፎሌ አድርጉና እንድትንሳፈፍ ተዉአት። ሞተር አታጥፉ! ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪም ሊቆለፍ ይችላል። ይሄን ደግሞ ከወለቃ ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነው የምታደርጉት። ጉልበት ሲለቀቅ ንዝረቱ ከጠፋ በጭነት የሚመጣ ነው፦ አንግል፣ ያለቀ ክሮቸራ፣ የተቀመጠ ሱፖርቶ፣ የላላ ፒኞን። ሳይጠፋ ቀስ እያለ አብሯችሁ ከሄደ ደግሞ የሚዞረው እቃ ራሱ ሚዛን አጥቷል ወይ ጠሟል ወይ ተሳስቶ ተገጥሟል። የኔ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ከደረሳችሁ ጎማን አስቀድሙ፣ ርካሹ እሱ ነው። የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት አዙራችሁ ሞክሩ፣ ንዝረቱ ከመቀመጫ ተነስቶ መሪ ላይ ከወጣ ነገሩ ጎማ ነው፣ ጎሚስታ ጋር ትጨርሱታላችሁ። ከዛ በፊት ግን የቸርኬውን የውስጥ ጎን ተመልከቱ። አንድ ክረምት ወደ ቆላ ድባ ገብቼ ስመለስ ደንቢያ ጥቁር አፈሩን አሸክሞ ላከኝ፣ ውጪውን አጠብኩት፣ በነጋታው መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። ለካ በስተውስጥ ቸርኬው ጥግ ላይ አንድ እፍኝ ጭቃ ደርቆ እንደ ድንጋይ ተጣብቋል። በካቻቢቴ ፈልፍዬ አወጣሁት፣ አለቀ፣ ወጪ ዜሮ። ዘንጉም ላይ እንደዛው ጭቃ ወይ ሬንጅ ሊለጠፍ ይችላል፣ በሽቦ ብሩሽ ካላጸዳችሁት ስለ ባላንስ ማውራት ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ስር እንግባ፣ ግን መጀመሪያ ነፍስ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ማደሪያ አይደለም። ብሎኬትም አይሆንም፣ እያያችሁት ደህና የነበረ ብሎኬት በአንዴ ነው የሚፈርሰው። ወፍራም የብረት መቆሚያ አክስሉ ስር አድርጉ። እና እወቁ፣ በነዚህ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው፣ ኋላውን ካነሳችሁት የእጅ ፍሬኑ መሬት የነካውን ጎማ አይዝም፣ ስለዚህ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ታኮ አስገቡባቸው። የኛ ከተማ ደግሞ ሜዳ የሚባል ግቢ ብዙ የለውም።

ስር ገብታችሁ በአንድ እጅ ዘንጉን፣ በሌላው እጅ ከክሮቸራው ወዲያ ያለውን ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰረውን ክብ ጫፍ) ያዙና በተቃራኒ ጠምዝዙ። ደህና ክሮቸራ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ትንሽ እንኳ ቀጭ ካለ አልቋል። የክሮቸራው ቆብ ዙሪያ እንደ በርበሬ ዱቄት ያለ ቀይ ነገር ብናኝ ካለ ውስጡ ግራሶ አልቆ ብረት ብረትን እየፈጨ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ እንደ ወፍ ጭው ጭው የሚል ከሆነ፣ ወይ ከኋላ ማርሽ ወደ 1ኛ ስትቀይሩ ጓ ካለ እሱም የዚሁ ምልክት ነው፣ ምንም እንኳ ጓ የሚለው የላላ የባሌስትራ እስር ወይ የተበላ ዲፍረንሻልም ሊሆን ቢችልም።

ግን አንድ አታላይ ክሮቸራ አለ፣ እኔን ያታለለኝ ባይሆንም ጓደኛዬን አታሏል። መኪናው ላይ እያለ ስትጠመዝዙት ምንም ክፍተት የለውም፣ ዘንጉን አውርዳችሁ በእጅ ስታወዛውዙት ግን መሃል ላይ ሲደርስ ትክክ ብሎ ይቆማል፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ። ሁልጊዜ በአንድ አንግል ስለሚሰራ ክሮቸራው ውስጥ የሚሽከረከሩት መርፌዎች እዛው ቦታ ላይ ጎድጉደውበት ነው። ደህናው እንደ ቅቤ ነው የሚዞረው። ደርቆ ግትር ያለም እንደዛው መጥፎ ነው።

ዘንጋችሁ ሁለት ቁራጭ ከሆነ መሃል ላይ በጎማ ውስጥ የተቀመጠ ኩሽኔታ (ቦል ቤሪንግ) አለ። ጎማው ለስላሳ መሆኑ የታሰበበት ነው፣ ከፍ ዝቅ ስታደርጉት ትንሽ ስለተንቀሳቀሰ አልቋል ብላችሁ አትጣሉት፣ ተቀዶ ዘንጉ ከተንጠለጠለ ወይ ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር አሸዋ አሸዋ ካለ ነው የሚቀየረው። ላዳ ያላችሁ ደግሞ ካምቢዮው ጫፍ ላይ ወፍራም የጎማ መጋጠሚያ አላችሁ፣ ቡሎኖቹ ዙሪያ ተሰንጥቆ እንደሆነ በባትሪ እዩት።

አሁን ወደ ሰባቱ ወር ታሪኬ ልመለስ። ነገሩ የጀመረው የመሃል ኩሽኔታውን ካስቀየርኩ በኋላ ነው፣ ይሄን ግን ልብ አላልኩም፣ እቃው አዲስ ነው ብዬ ከጥርጣሬ አወጣሁት። ጋራዡን አልጠራም፣ የሰራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ያን ቀን ቸኩሎ ነበር። ሁሉንም ሞክሬ ሲያቅተኝ ጎረቤታችን የሆኑ፣ እድሜያቸውን ጭነት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ በአጥር በኩል አዩኝና መጡ። ቁልፍ አልያዙም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አርገው ከኋላ ጎማ አጠገብ በርከክ አሉና ጠመንጃ እንደሚያልም ሰው አንድ አይናቸውን ጨፍነው ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

"አንተ ልጅ፣ ይች እኮ ጆሮዎቿ ተጣልተዋል" አሉኝ።

"የምን ጆሮ ጋሼ?"

"ክሮቸራውን የያዙት ጆሮዎች ናቸዋ! የፊተኛው ቆሟል፣ የኋለኛው ጋደም ብሏል። ማን ፈታት?"

እሳቸው ያሉት ይሄ ነው። ክሮቸራ ቀጥ ባለ ጊዜ እንጂ በታጠፈ ጊዜ ዙርን እኩል አያስተላልፍም። ከካምቢዮ የሚመጣው ዙር አንድ አይነት ቢሆንም ከታጠፈው ክሮቸራ ወዲያ ያለው ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቸራ ደግሞ ይሄንኑ በተቃራኒ አድርጎ ያስተካክለዋል፣ ዲፍረንሻል ላይ ሲደርስ ዙሩ ለስላሳ ይሆናል። ይሄ የሚሰራው ግን በአንድ ቁራጭ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት ጆሮዎች በአንድ መስመር ሲሆኑ ብቻ ነው። የኔ ዘንግ የኋለኛው ቁራጭ በጥርስ ተንሸራቶ የሚገባ ነው፣ ኩሽኔታውን ለመቀየር ሲያወጡት ምልክት አላደረጉም፣ ሲመልሱት ጥቂት ጥርስ አሳስተው ከተቱት። ስለዚህ ሁለቱ ክሮቸራዎች መተራረም ትተው አንዱ በአንዱ ላይ ይጨምራል። አዲስ ክሮቸራ ብገዛ ባልገዛ ምን ለውጥ ያመጣል!

አራት ቡሎን ፈታን፣ ዘንጉን ሳብ አድርገን ከጥርሱ አወጣነው፣ ጠርገን ስናየው ብረቱ ላይ ከፋብሪካው የተመታ ትንሽ የቀስት ምልክት ነበር፣ ግራሶና አቧራ ሸፍኖት። ቀስት ከቀስት አገናኝተን መለስነው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ወደ አዘዞ ወርጄ 80 ነዳኋት፣ ሳንቲሙ አልተንቀሳቀሰም። ስመለስ ለጋሼ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ገባሁ፣ "ክሮቸራ ከምትገዛ በፊት ብትመጣ ኖሮ ግማሽ ኪሎ ይበቃ ነበር" አሉኝ።

ስለዚህ ማንም ሰው፣ እናንተም ብትሆኑ፣ ዘንግ ከመፍታቱ በፊት ሁለቱ ፍላንጆች በተገናኙበትና ዘንጉ በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረግ። ቾክ ይጠፋል፣ እኔ የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው፣ ዘይትም ግራሶም አያጠፋውም። ፍላንጁን 180 ዲግሪ አዙሮ መግጠም እንኳ ባላንሱን ሊያበላሸው ይችላል። በዲኤክስ አይነቱ ዘንጉ ካምቢዮ ውስጥ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ስታወጡት የካምቢዮ ዘይት ፊታችሁ ላይ ይፈሳል፣ ፌስታል በገመድ እሰሩበት። እግረ መንገዳችሁን ፓራዮሊውን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) እዩ።

ጆሮው ትክክል፣ ክሮቸራው ደህና፣ ግን ጋዝ ስትሰጡ የሚብስ ጉምጉምታ ካለ አንግል ለኩ። ይሄ እኛ ሀገር ብዙ ነው ምክንያቱም ጭነት እንዲችል ብለን ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ንጣፍ እናስገባለን፣ መኪናው ቂጡን ይሰቅላል፣ የዲፍረንሻሉም አፍንጫ አቅጣጫው ይለወጣል። ወይ በተቃራኒው የካምቢዮ ሱፖርቶ ተቀምጦ የካምቢዮው ጭራ ወርዷል። ስልካችሁ ላይ ያለው የውሃ ልክ አፕ ይበቃል። መኪናው በአራት ጎማው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ እንደተለመደው ጭነቱ፣ ስልኩን መጀመሪያ የፊተኛው ቁራጭ ላይ፣ ከዛ የኋለኛው ቁራጭ ላይ አስደግፉና ዲግሪውን ጻፉ፣ በመጨረሻ የዲፍረንሻሉ ፍላንጅ ፊት ላይ። የፍላንጁ ፊት ቆሞ ስለሆነ ያነበባችሁትን ከ90 ቀንሱ። በየክሮቸራው ላይ ያለው ልዩነት ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ፣ የኋለኛው ቁራጭ በሁለቱ ጫፍ ያለው አንግል ደግሞ እኩል ቢሆን ወይ ከ1 ዲግሪ በላይ ባይለያይ ጥሩ ነው። ዜሮም ይሁን ብላችሁ አትድከሙ፣ መርፌዎቹ ትንሽ ካልታጠፉ አይሽከረከሩም፣ ቅድም እንዳልኩት አንድ ቦታ ይጎደጉዳሉ። ማስተካከያው በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው፣ ቶርኖ ቤት ያወጡላችኋል።

ይሄም ሁሉ ደህና ሆኖ ከቀጠለ ያኔ ባላንስ። ዘንጉን እያዞራችሁ ተመልከቱ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ ወይ፣ ትንሽ ብረት ተበይዶበት የነበረና የረገፈ የሚመስል አራት ማዕዘን ምልክት አለ ወይ። መጥመሙን ለማየት መቆሚያ ላይ ሽቦ አስራችሁ ጫፉን ዘንጉን ሊነካ አስጠጉት፣ በእጅ ስታዞሩት ክፍተቱ 1 ሚሊ ያህል ከተለዋወጠ ዘንጉ ጠሟል፣ እሱን በባላንስ አትታገሉት። ያልጠመመ ከሆነ በድሮ ዘዴ እቤት ይሰራል፦ የራዲያተር ቱቦ የሚታሰርበትን ፋሼታ ሁለት ግዙ፣ ዲፍረንሻል አጠገብ ዘንጉን በቾክ አራት ቦታ ከፍላችሁ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ጻፉ፣ የአንዱን ፋሼታ ጭንቅላት 1 ላይ አድርጋችሁ እሰሩና ነድታችሁ ኑ፣ ከዛ 2 ላይ፣ እንዲህ እያላችሁ። የተሻለበትን ቁጥር ያዙ። ካልበቃ ሁለተኛውን እዛው ጨምሩ፣ በዛ ካለ ሁለቱን ጭንቅላቶች ቀስ በቀስ ግራና ቀኝ አራርቁ። አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ግን ይሰራል። ፋሼታው ሲዞር ወለሉንም የእጅ ፍሬን ገመዱንም እንዳይነካ እዩ።

ስትነሱ ብቻ፣ 1ኛ ማርሽ ላይ የሚንፈራፈር ከሆነ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ዘይት የነካው ፍሪሲዮን ወይ የሞተር ሱፖርቶ ወይ የመሃል ኩሽኔታ ነው። ዲፍረንሻሉ ጋዝ ስትሰጡ አንድ አይነት ስትለቁ ሌላ አይነት የሚያላዝን ከሆነ መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። የፒኞኑን ዳዶ ግን "ላልቷል" ብሎ ረጅም ቧንቧ አስገብቶ የሚያጠብቅ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፣ ብዙዎቹ ውስጥ የሚጨመደድ ቡሽ አላቸው፣ ከልክ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ አላልታችሁ ብትመልሱትም ቡሹ አይመለስም።

ዘንጉን ከገጠማችሁ በኋላ የፍላንጁን ቡሎኖች ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ከጎንደር ደባርቅ ያን ያህል ነው፣ ሻይ ስትጠጡ 14 ቁልፍ ይዛችሁ ጎንበስ ማለት ነው። ማርሚታው ግን ያኔ ይፋጃል፣ ክንዳችሁን ጠብቁ።